በሊትር ስንት ትሄዳለች?



አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው ደላላውን የሚጠይቀው ነገር ብዙ አይደለም። ስንተኛ ሞዴል ናት? ተጋጭታ ታውቃለች ወይ? ቀለሟ የፋብሪካ ነው ወይስ የጋራዥ? ከዚያ ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ ገዢው ጆሮውን ጣል አድርጎ እየሰማ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፤ "በሊትር ስንት ትሄዳለች?" ደላላው አያመነታም። "ከተማ ውስጥ አሥራ አራት፣ ወጣ ስትል አሥራ ስምንት።" ገዢው ራሱን ይነቀንቃል። ከሁለቱ አንዱም ለክቶ አያውቅም።

የዛሬው ዲስኩር ጉዳይ ይህች አሥራ አራት ናት። ሰው ሲያወራት እንደ በሮቿ ብዛት ወይም እንደ ሻንሲ ቁጥሯ ከመኪናዋ ጋር አብራ የተወለደች ያስመስላታል። ይሁን እንጂ አንዷ ቪትዝ ጠዋት ማታ ከሲኤምሲ ሜክሲኮ በሚመላለስ ሰው እጅና ቅዳሜ ቅዳሜ ቢሾፍቱ በምትወጣ ሴት እጅ ሁለት የተለያዩ መኪኖች ናት። ቁጥሩን መኪናዋ ትጀምረዋለች፤ የሚጨርሱት መንገዱና የሾፌሩ ቀኝ እግር ናቸው።

በመጀመሪያ ፋብሪካው ስለሚጽፈው ቁጥር። ብዙ ሰው ቁጥሩ መንገድ ላይ በመንዳት የተገኘ ይመስለዋል። መኪናዋ ግን ለፈተናው ከክፍል አትወጣም። ጎማዎቿ በሚሽከረከሩ በርሜሎች ላይ ይቆማሉ፤ ሾፌሩ ፊቱ ባለው ስክሪን ላይ የተሳለውን መስመር እየተከተለ ይሰጣል፣ ይለቃል፣ ፍሬን ይይዛል። አውሮፓ እስከ ቅርብ ጊዜ የሠራበት ፈተና 1,180 ሰከንድ፣ ማለትም 20 ደቂቃ ያልሞላ ነበር። መንገዱ 11 ኪሎ ሜትር፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 33.6 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ 120 የሚነካውም ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነበር። ጃፓን ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጠቀመችበት፣ የመጀመሪያዎቹ ቪትዞች የተለኩበት ፈተና ደግሞ ከዚህም ያጠረ ነው፤ 660 ሰከንድ፣ 4 ኪሎ ሜትር ከምናምን፣ ከፍተኛው ፍጥነት 70። በዚያ ሁሉ ውስጥ ዳገት የለም፣ ዝናብ የለም፣ ከኋላ ጥሩንባ የሚነፋ ሚኒባስ የለም።

ፈተናው ሲያረጅ ፋብሪካዎቹ ፈተናውን ለመዱት። በአውሮፓ መንገዶች ላይ የተሰበሰበ መረጃ ሲተነተን፣ በ2001 እ.ኤ.አ. በወረቀቱና በመንገዱ መካከል የነበረው ልዩነት 9 በመቶ አካባቢ ነበር፤ በ2015 ወደ 40 በመቶ ደረሰ። ሾፌሮች በ14 ዓመት ውስጥ ያን ያህል አልከፉም፤ ፋብሪካዎቹ ናቸው ተማሪ ያለፈው ዓመት ፈተና ላይ እንደሚሠለጥነው መኪኖቻቸውን ለፈተናው ያሠለጠኑት። ከመስከረም 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገባው አዲስ ፈተና ጊዜው 30 ደቂቃ፣ መንገዱ 23 ኪሎ ሜትር፣ ከፍተኛው ፍጥነትም 131 ሆነ። ያም ሆኖ የአውሮፓ ኮሚሽን በ2024 መጋቢት፣ መኪኖች ውስጥ ከተገጠመ መለኪያ የተሰበሰበ መረጃ ሲያወጣ፣ የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች አሁንም ከወረቀታቸው 20 በመቶ ያህል አብልጠው ይበሉ ነበር። ቻርጅ የሚደረጉት ሃይብሪዶችማ ሦስት ተኩል እጥፍ! ምክንያቱም ብዙው ባለቤት ሶኬቱን አይሰካም።

ማታለልም አልቀረም። በኅዳር 2012 እ.ኤ.አ. ሃዩንዳይና ኪያ አሜሪካ ውስጥ የ900,000 ያህል መኪኖችን የነዳጅ ቁጥር አሳምረው መጻፋቸው ተገልጦ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ 100 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ከፈሉ። ሚትሱቢሺም በሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ በ625,000 ትንንሽ መኪኖች ላይ ቁጥር መነካካቱን አመነ። የሚያስገርመው ሁለቱም የተንሸራተቱበት ቦታ አንድ መሆኑ ነው። መኪና ወደ በርሜሉ ከመውጣቷ በፊት ሜዳ ላይ በፍጥነት ተነድታ፣ ማርሿ ዜሮ ላይ ተደርጎ፣ ራሷ እስክትቆም ትለቀቃለች። ለመቆም የፈጀችው ጊዜ አየሩና ጎማው ምን ያህል እንደያዟት ይናገራል፤ በርሜሉም በዚያ ልክ ይከብዳል። ያን ልክ ትንሽ ዝቅ ያደረገ ፋብሪካ መኪናውን በወረቀት ላይ ቁልቁለት ነዳት ማለት ነው።

የፋብሪካው ቁጥር ይህን ከመሰለ፣ የባለቤቱስ? አብዛኛው ባለቤት ቁጥር የለውም። ማደያ ገብቶ "የአንድ ሺህ ብር" ይላል፤ ሲያልቅ እንደገና "የአንድ ሺህ" ይላል። በብር ሲቀዳ ስንት ሊትር እንደገባ አያይም። ሙሉ ስለማይሞላም ስንት እንደቀረ አያውቅም። ወሩ ሲያልቅ የሚያውቀው ብዙ ብር መውጣቱን ብቻ ነው። ያኔ "ይቺ መኪና መብላት ጀመረች" ይልና ወደ ጋራዥ ይወስዳታል፤ ሜካኒኩም ካንዴላ ይቀይርለታል።

ልኬቱ ግን የአንድ ደብተርና የአንድ እስክሪብቶ ሥራ ነው። አንድ ቀን ጠዋት፣ አንድ ማደያ፣ አንድ ፓምፕ። ቀጂው የፓምፑን አፍንጫ ከትቶ፣ ፓምፑ ራሱ "ቀጭ" ብሎ እስኪቆም ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ጠብታ አይጨመርም፣ መኪና መወዝወዝም አይፈቀድም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ኪሎ ሜትር ይጻፋል። ሁለት ሳምንት እንደ ልማድ ይነዳል፤ "ዛሬ እየለካሁ ነው" ብሎ እንደ ሙሽራ መኪና መንዳት የለም። ከዚያ እዚያው ማደያ፣ እዚያው ፓምፕ፣ እንደገና "ቀጭ"። የገባው ሊትር የተበላው ነው። ኪሎ ሜትሩን በሊትሩ ማካፈል ይቀራል፤ ሦስት ጊዜ ቢደገም ደግሞ ይታመናል። በመሀል ከፊል የተቀዳ ካለ ስልኩ ያስታውሳል፤ ከ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ የነዳጅ ክፍያ በስልክ ሆኗልና ቀኑም ብሩም እዚያው አለ። ዳሽቦርዱ ራሱ የሚያሳየው አማካይ ቁጥርም ቢሆን ብዙ ጊዜ ባለቤቱን ደስ ወደሚያሰኘው ወገን ስለሚያዘነብል ደብተሩን አይተካም።

ስለ መለኪያው ካነሱ አይቀር፣ "በሊትር ስንት" የሚለው አነጋገር ራሱ ያታልላል። በ2008 እ.ኤ.አ. የዱክ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ላሪክና ሶል፣ ይህንኑ የአሜሪካኖችን "በጋሎን ስንት" አስመልክተው ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አሳይተዋል። ነገሩን ወደ አገራችን ስናመጣው እንዲህ ነው። አንድ ቤተሰብ በሊትር 6 የምትሄድ አሮጌ ፒካፕና በሊትር 15 የምትሄድ ትንሽ መኪና አለው እንበል። ፒካፑን 8 በምትሄድ መቀየር ይሻላል ወይስ ትንሿን 20 በምትሄድ? ጆሮ ወደ 20 ያደላል፤ አምስት ጨምራለችና። ስሌቱ ግን ሌላ ይላል። ፒካፑ በ100 ኪሎ ሜትር ከ16.7 ሊትር ወደ 12.5 ይወርዳል፣ ከ4 ሊትር በላይ ይተርፋል። ትንሿ ከ6.7 ወደ 5 ትወርዳለች፣ ሁለት ሊትር እንኳ አይሞላም። አውሮፓውያን ሊትሩን በ100 ኪሎ ሜትር የሚቆጥሩት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ከኪስ የሚወጣው ሊትሩ ነው፣ ኪሎ ሜትሩ አይደለም።

አሁን ወደ መንገዱ እንውጣ። ሲኤምሲ፣ ጉርድ ሾላ፣ መገናኛ፣ ሃያ ሁለት፣ ኡራኤል፣ መስቀል አደባባይ፣ ስታዲየም፣ ሜክሲኮ። አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በዚህ መንገድ ላይ ቤንዚን የሚያልቀው የት ነው? ሰው "ትራፊኩ ነው" ይላል። ትክክል ነው፤ ግን ትራፊኩ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሌቦች አሉ፤ አንዱ ቆሞ መጠበቅ ነው፣ ሌላው ተነስቶ መቆም።

ሁለተኛው ይብሳል። ከነሰዎቿ 1,200 ኪሎ የምትመዝን መኪና በሰዓት 50 ስትሄድ በጉያዋ የያዘችው ጉልበት 116 ኪሎ ጁል ያህል ነው። ፍሬን ሲያዝ ያ ሁሉ ወደ ሙቀት ተቀይሮ በቸርኬው በኩል ወደ አየር ይሄዳል። እንደገና 50 ለመድረስ ሞተሩ ያንኑ ጉልበት ከቤንዚን ማውጣት አለበት፤ ከቤንዚኑ ጉልበት ደግሞ ወደ ጎማ የሚደርሰው ቢበዛ ሩብ ገደማው ነው። ሲሰላ 14 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ይሆናል። ይህ አንድ የሾርባ ማንኪያ ነው። ከ50 ተነስቶ ቀጥ ባለ ቁጥር አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤንዚን አስፋልት ላይ እንደ መድፋት ይቆጠራል። ከሲኤምሲ ሜክሲኮ አርባ ጊዜ ቢደረግ ከግማሽ ሊትር በላይ ነው፣ ያውም ለመሄጃ ብቻ።

ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። በ25 እየተንፏቀቀ መብራት የደረሰ ሾፌር ሲቆም የሚያጣው የሻይ ማንኪያ አይሞላም። አጠገቡ ያለው፣ ፊቱ ሃምሳ ሜትር ክፍት ባየ ቁጥር ረገጥ አድርጎ ተወርውሮ፣ ከፊቱ ያለው መኪና ኋላ ሲደርስ ፍሬን ላይ የሚቆመው፣ የሾርባውን ማንኪያ ይደፋል። ሁለቱም ኡራኤል መብራት ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። መስኮት ዝቅ አድርገው ሰላም ሊባባሉም ይችላሉ። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ እየተወረወሩና እየተገቱ መንዳት ቆም ሄድ በሚበዛበት መንገድ ላይ ከ10 እስከ 40 በመቶ፣ በረጅም መንገድ ላይ ደግሞ ከ15 እስከ 30 በመቶ ያከስራል።

እዚህ ላይ አዳራሹ ውስጥ ያሉ ሾፌሮች በልባቸው የሚሉት ይሰማል፤ "ክፍተት ብተው ሚኒባስ ይገባበታላ!" ይገባበታል። ይህን የካደ አዲስ አበባ ነድቶ አያውቅም። ግን የገባው ሚኒባስ የወሰደው አምስት ሜትር ነው፤ እሱ ራሱ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ሰው ሊያወርድ ዳር ይይዝና ቦታውን ይመልሳል። ክርክሩ የነዳጅ አይደለም፣ የክብር ነው፤ ክብር ደግሞ በሊትር አይለካም።

በዝግታ መነሳት ማለትም እንደ ቀንድ አውጣ መሳብ አይደለም። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሞተሩን እያስጮኹ 40 መሄድ ከሦስተኛው የበለጠ ይበላል። ሞተር ደስ የሚለው ዙሩ ዝቅ ብሎ ሥራው ጠንከር ሲል ነው። ጥሩ ሾፌር ደህና አድርጎ ይነሳል፣ ማርሹን ቶሎ ይጨምራል፣ ከዚያ እግሩን ያሳርፋል። መብራቱ ሩቅ ላይ ቀይ ከሆነ እግሩን ከአሁኑ ያነሳል፤ ማርሽ ውስጥ እንዳለች፣ ነዳጅ ሳትጠይቅ፣ ራሷ ትንከባለላለች።

የመጀመሪያው ሌባ፣ ቆሞ መጠበቅ፣ ቀርፋፋ ነው ግን አይተኛም። ትንሽ ሞተር በሚኒሞ በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ይበላል፤ ትልቅ ሞተር ኤሲ ከተጨመረበት ሁለት ሊትር ይጠጋል። ሞተርን ዳግም ለማስነሳት የሚሄደው ነዳጅ አሥር ሰከንድ ቆሞ ከሚበላው አይበልጥም። አሳዛኙ ትርኢት ማደያ በር ላይ የሚታየው ነው፤ ነዳጅ ለመቅዳት የተሰለፈ መኪና፣ ሞተሩ ሳይጠፋ፣ በሰልፉ ውስጥ ያለውን እየጨረሰ።

የጠዋቷ ማሞቅም የዚህ ዘመድ ናት። ኅዳር ላይ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ግቢው ገና ጭጋግ አለበት። አባት ወጥቶ መኪናውን ያስነሳና ወደ ቤት ተመልሶ ሻይውን ይጨርሳል። ልጆቹ ጫማ ይፈልጋሉ። አንደኛው ደብተር ረስቷል። ዘበኛው በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። መኪናዋ አሥር ደቂቃ ጭስ ታወጣለች። ይህ ልማድ ከካርቡራተር ዘመን የተወረሰ ነው፤ ያኔ ሞተሩ ሳይሞቅ ከተነዳ ያንቀዋል፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ይጠፋል። የዛሬው ባለ ኢንጀክሽን ሞተር ግማሽ ደቂቃ ይበቃዋል፤ ቀስ ተብሎ ሲነዳ ደግሞ ቆሞ ከሚሞቀው ፈጥኖ ይሞቃል። አሥር ደቂቃዋ በሃያ አምስት የሥራ ቀን ስትባዛ ከሁለት ሊትር በላይ ናት። ዋናው ክፍያ ግን የልጆቹ ትምህርት ቤት ሁለት ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ወፍራም ዘይት እየገፋና ነዳጅ አብዝቶ እየጠየቀ ይነሳል፤ ሊሞቅ ሲል ይደርሳል፣ ይጠፋል፣ ይቀዘቅዛል። በአጭር መንገድ ብቻ የምትኖር መኪና ዕድሜ ልኳን ጠዋት ላይ ናት።

"የአዲስ አበባ ከፍታ ቤንዚን ያስበላል" የሚለውም ወሬ የዚያው ዘመን ልጅ ነው። አንድ ጊዜ እውነት ነበር። ከተማዋን ዓመታት ያመላለሱት ሰማያዊና ነጭ ላዳዎች፣ የፊያት 124 የልጅ ልጆች፣ ካርቡራተር ነበራቸው። ካርቡራተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ገደማ ሲሳሳ፣ እሱ የለመደውን ቤንዚን ማፍሰሱን ይቀጥላል። ድብልቁ ይበዛል፣ ጭሱ ይጠቁራል። የዛሬው ሞተር አየሩን ለክቶ ነዳጁን በልኩ ይሰጣል። ጉልበቱ በሩብ ያህል መቀነሱ እውነት ነው፣ ዳገት ላይ ይታወቃል፤ ስስ አየር ግን ለሚሮጥ መኪና የሚገፋው ነገር አነሰለት ማለትም ነው። ከፍታው የሚወስደውን ያህል ባይሆንም ይመልሳል። አዲስ አበባ ቤንዚን የምታስበላው በከፍታዋ ሳይሆን በዳገቷ ነው።

ዳገቱ ዋጋ አለው፣ ሊቆጠርም ይችላል። ከፒያሳ እንጦጦ ማርያም 600 ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው። ያችኑ 1,200 ኪሎ መኪና ወደዚያ ማንሳት ብቻ፣ መንገዱ ሳይቆጠር፣ አንድ ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቤንዚን ይፈልጋል። ወደ ታች ሲመለስ መሬቱ ከፊሉን ይከፍላል፤ ሾፌሩ ካወቀበት።

ብዙዎች አያውቁበትም። ቁልቁለት ሲጀምር ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጎ መልቀቅ ቁጠባ የሚመስለው ሾፌር ቁጥሩ ቀላል አይደለም። እዚህም የካርቡራተሩ መንፈስ አለ። በኢንጀክሽን ሞተር ላይ መኪናዋ ማርሽ ውስጥ ሆና እግር ከተነሳ፣ ጎማው ራሱ ሞተሩን ስለሚያዞረው ኮምፒውተሩ ነዳጁን ጭራሽ ይዘጋል። ዜሮ ላይ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ የሚኒሞውን ይበላል። ዜሮ ማርሽ በቁልቁለት አይቆጥብም፤ ይበላል፣ ፍሬኑንም ይጨርሳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ የሚወርደው መንገድ ይህን የሚያሳይ ትምህርት ቤት ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል፣ ኩርባ በኩርባ፣ ታች በ2008 እ.ኤ.አ. በጃፓን እርዳታ የተሠራው 303 ሜትር የህዳሴ ድልድይ። በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ የወረደ ሾፌር ፍሬኑ ቀዝቅዞ፣ ነዳጅ ሳይነካ ይደርሳል። በዜሮ የለቀቀው ገና ከግማሽ ሳይደርስ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ይሸተዋል፤ ፔዳሉ እየለሰለሰ፣ ፊቱ ያለው ሲኖትራክ እየቀረበ ሲሄድ ግን የነዳጁን ነገር የሚያስብ የለም።

ወደ አዳማ ሲወጣ ጉዳዩ አየር ይሆናል። የአየር ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ ከ80 ወደ 120 የጨመረ ሰው የአየሩን ተቃውሞ ከእጥፍ በላይ አደረገው። በ85 ኪሎ ሜትሩ የፍጥነት መንገድ ላይ ከ100 ወደ 120 ማሳደግ የሚያተርፈው ስምንት ደቂቃ ተኩል ነው፤ ዋጋው ከግማሽ ሊትር ይበልጣል። መቼም የቸኮለ ይቸኩላል፤ ዋጋውን ማወቁ ግን አይከፋም። በዚሁ መንገድ ላይ የሚደረግ ሌላ ማታለልም አለ፤ ወደ አዳማ ሲወርድ ለክቶ "በሊትር ሃያ አንድ ሄደችልኝ" ብሎ ለጓደኞቹ የደወለ ሰው ሽቅብ ሲመለስ አይደውልም።

ፖርቶ መጋላው ደግሞ አለ። ለፋሲካ አገር ቤት ሲኬድ ታስሮ፣ ዕቃው ወርዶ፣ እሱ ግን እስከሚቀጥለው ፋሲካ ጣሪያው ላይ የሚቀር ብረት። ከላዩ የተጫነ ሳጥን በፍጥነት መንገድ ላይ ከ10 እስከ 25 በመቶ ሊያስበላ ይችላል፤ ባዶው ብረትም ነፋስ ይይዛል። ክብደት ያን ያህል አይደለም። 45 ኪሎ ጭነት 1 በመቶ ቢያስበላ ነው፤ ማለትም ሁለት በግ ከኋላ ጭኖ መግባት ከአንድ ባዶ ፖርቶ መጋላ ይረክሳል። የጎማ ንፋስም እንደሚወራው አይደለም። 32 መሆን ያለባቸው አራቱም ጎማዎች ወደ 24 ቢወርዱ የሚጠፋው ወደ 2 በመቶ ይጠጋል። ጎሚስታው ጋ መሄድ የሚገባው ይልቁንም ጎማው ጠርዙ እንዳይበላና ዝናብ ላይ እንዳይንሸራተት ነው።

በፍጥነት ላይ መንግሥታት ራሳቸው እጃቸውን ያስገቡበት ጊዜ ነበር። በጥቅምት 1973 እ.ኤ.አ. ከተነሳው የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት በኋላ የአረብ አገሮች ነዳጅ ሲከለክሉ፣ የበርሜል ዋጋ ከ3 ዶላር አካባቢ ተነስቶ ወደ 12 ዶላር ወጣ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በጥር 2 ቀን 1974 የአሜሪካን መንገዶች ፍጥነት በሰዓት 55 ማይል፣ ማለትም 88 ኪሎ ሜትር ላይ የሚገታ ሕግ ፈረሙ። ሕጉ እስከ 1995 ኖረ፤ ሾፌሩ ግን ስላላከበረው ቁጠባው ከታሰበው በታች ሆነ። ያው የዋጋ ማዕበል አዲስ አበባ ሲደርስ መልኩ ሌላ ነበር። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ቤንዚን ሲጨምር የታክሲ ሾፌሮች ሥራ አቆሙ፤ ከመምህራኑ አድማ ጋር ገጠመና ከተማዋ ቀጥ አለች። መንግሥት ዋጋውን መልሶ ቢቀንስም ነገሩ ካለፈ በኋላ ነበር። በቀጣዩ ዓመት መስከረም ዙፋኑ ወደቀ። ቤንዚን ብቻውን መንግሥት አልጣለም፤ መጀመሪያ አደባባይ ከወጡት ጉዳዮች አንዱ ግን የሊትር ዋጋ ነበር።

በእኛስ ዘመን? ከታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በጸናው ዋጋ አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መቶን ተሻገረ። በዚያ ዋጋ ከሲኤምሲ ሜክሲኮ የሚመላለስ ቤተሰብ እናስላ። በቀን ደርሶ መልስ 26 ኪሎ ሜትር፣ በወር 25 ቀን። በሊትር 10 የነበረችው መኪና፣ ማሞቁና መወርወሩ ቀርቶ 12 ብትሄድ፣ በወር 11 ሊትር ያህል ይተርፋል። 1,100 ብር። ለአንዳንዱ የልጅ ትራንስፖርት ወጪ ነው፣ ለሌላው ደግሞ ምንም አይደለም። ይህን ማጋነን አይገባም። መንገዱ ተዘግቶ ሁለት ሰዓት ከቆመ የማንም ወርቅ እግር አያድነውም፤ የቁጠባ አነዳድ ሥልጠና የወሰዱ ሾፌሮች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ትርፉ በመጀመሪያዎቹ ወራት ታይቶ ቀስ በቀስ እንደሚደበዝዝ ያሳያሉ። እግር ወደ ልማዱ ይመለሳል።

የሾርባ ማንኪያውን ከሥሩ የነካው የሾፌር ምክር ሳይሆን ማሽን ነው። ቶዮታ በታኅሣሥ 1997 እ.ኤ.አ. ጃፓን ላይ ያወጣው ፕሪየስ ፍሬን ሲያዝ የሚጠፋውን ጉልበት ከፊሉን ወደ ባትሪ ይመልሳል፣ ሲቆምም ሞተሩን ያጠፋል። ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ታክሲ የሚያሽከረክሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ለዓመታት ፕሪየስ የመረጡት በዚህ ነው፤ መብራት በበዛበት ከተማ የሚከፈለው በኪሎ ሜትር፣ የሚወጣው በማንኪያ ነዋ። ሙሉ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ነገሩን ይገለብጠዋል፤ የቤንዚን መኪና ከተማ ውስጥ አብዝታ ስትበላ፣ የኤሌክትሪኳ ከተማ ውስጥ ትቆጥባለች፣ በፍጥነት መንገድ ላይ ትበላለች። ኢትዮጵያ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ስትከለክል ይህን መኪና ወደ አዲስ አበባ መንገዶች አበዛችው፤ ለቆም ሄድ የተፈጠረ መኪና ቆም ሄድ ካለበት ከተማ ተገናኘ።

ስለዚህ ዛሬ መኪና የሚሸጥበት ሜዳ ላይ፣ ያው ደላላ አጠገብ፣ ኮፈኑ ቢከፈትም የሚንቀጠቀጥ ሞተር የሌላት መኪና ቆማለች። ገዢው ጆሮውን ጣል ቢያደርግ የሚሰማው የለም። ትንሽ ዝም ይልና ይጠይቃል፤ "በአንድ ቻርጅ ስንት ትሄዳለች?"

ደላላው አያመነታም። "አራት መቶ።"